ጌታ የሌለው ትንሽ ውሻ ወደ ቤት ሲጠጋ



በአሬሮ፥ በነገሌ ቦረና፥ በያቤሎ፥ በሜጋና በሞያሌ ዙሪያ የውሻ ነገር ሲነሣ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ያንን ትልቁን የበረት ውሻ ነው። እሱ ሌሊት ጅብ ያባርራል፥ ቀን ከመንጋው ጋር ይውላል፥ ከቤቱ ደጃፍ ግን አያልፍም። የዛሬው ጽሑፍ ስለ ሌላ ውሻ ነው፤ ይኸውም ከየት እንደ መጣ ሳይታወቅ አንድ ጧት ከአጥር ሥር ተኝቶ ስለሚገኘው፥ አካሉ ትንሽ ዕድሜው ግን ሙሉ ስለ ሆነው ውሻ ነው። ልጆች ያዩትና «እማዬ፥ የኛ ይሁን» ይላሉ። እናትም ስታየው ትንሽ ነው፥ ብዙ አይበላም፥ ዐይኑም ያሳዝናል። «እሺ፥ ምን ያደርገናል?» ብላ ፍርፋሪ ትጥልለታለች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ውሻው የቤቱ ሆነ ማለት ነው።

እኛ «አታስጠጉት» አንልም። ትንሽ ውሻ ኑሮው ጠበብ ላለ ቤት ይስማማል፤ ምግቡ ጥቂት ነው፥ ጆሮው ግን ከትልቁ አያንስም፤ ሌባም ቢመጣ አውሬም ቢመጣ ቀድሞ ይጮኻል። ነገር ግን የአካሉ ማነስ አደጋውን አያሳንሰውም። እንዲያውም አደጋው የሚብሰው ትንሽ በመሆኑ ነው። ለምን ቢባል፥ ትልቁ ውሻ ከደጅ ሲያድር ትንሹ «ምስኪን» ተብሎ ወደ ምድጃው ይጠጋል፤ ከሕፃኑ ጋር ባንድ ቁርበት ላይ ይተኛል፤ የወተት ዕቃ ይልሳል፤ ሲጫወት ጥርሱ የልጅ እጅ ቢጭርም «ኧረ ይህ ምን አላት» ተብሎ ይታለፋል።

እንዲህ ያሉት ውሾች ከየት ይመጣሉ? አንዳንዱ ከመንገደኛ ተነጥሎ የቀረ ነው፤ አንዳንዱም ጌታው የተወው ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ አምስት የዝናብ ወራት በተከታታይ ሳይሳኩ ቀርተው የቦረና ከብት ባለቀ ጊዜ፥ ብዙ ቤተሰብ ቀዬውን ለቆ እንደ ዱብሉቅ ባሉ መጠለያዎች መስፈሩ ይታወሳል። ከብት የሌለው በረት ጠባቂ አያሻውም። ሰው ሲሰደድ ውሻው ወይ ተከትሎ ይሄዳል፥ ወይ ወደ ኋላ ይቀራል። የቀረው ውሻ የሚያገኘው ምግብ በየሜዳው የወደቀ የከብት ጥምብ ነው። ይህችን የጥምብ ነገር ልብ በሉልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ሙሉ ውሻ ወይስ ቡችላ?

«ከልጅነቱ ያላሳደጉት ውሻ አይለምድም» የሚሉ ብዙ ናቸው። ይህ እውነት አይደለም። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለም? ጥቂት ሳምንት ከአንድ እጅ የበላ ሙሉ ውሻ ቤቱንም ሰውንም ያውቃል። በእኔ አስተያየት ልጅ ላለበት ቤት ሙሉ ውሻ ከቡችላ ይመረጣል፤ ጠባዩ ዛሬውኑ ይታያል፥ ቁመቱም ከዚህ በላይ አይሆንም። ቡችላ ግን ምን እንደሚሆን አይታወቅም፥ ያገኘውንም ሁሉ ያኝካል። ውሻው ሙሉ መሆኑን ለማወቅ ሲያዛጋ ጥርሱን ከሩቅ ማየት ነው። ቡችላ የወተት ጥርሱን የሚለውጠው ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ የሙሉ ውሻ ጥርስ 42 ሲሆን፥ የሸመገለው ደግሞ የፊት ጥርሶቹ ተሞርደው ይታያሉ። ጥርስ ለማየት ብላችሁ አፉን በእጃችሁ እንዳትከፍቱ።

የሙሉ ውሻ ጕድለቱ ያለፈ ታሪኩ አለመታወቁ ነው። ከወር በፊት ማን ነከሰው? ከማን ጋር ተጣላ? እሱ አይናገርም። የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ውሻው ከተነከሰ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ሳምንት እስከ ጥቂት ወራት ድረስ ተሸሽጎ ይቆያል። ስለዚህ አዲስ ውሻ ዛሬ ጤነኛ መምሰሉ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

መጀመሪያ ምን ይደረግ?

ውሻውን የሚይዘው ትልቅ ሰው እንጂ ልጅ መሆን የለበትም። አትዝለቁበት፤ ተቀመጡና ምግቡን ወርወር አድርጉለት፥ እሱ ይምጣ። ሲላመድ በለሰለሰ ገመድ ከቤቱ ራቅ ባለ ጥላ ሥር እሰሩት፤ በቆላ ፀሐይ ያለ ጥላና ያለ ውኃ የታሰረ ውሻ አይሰነብትም። መብያው ለብቻው ይሁን፤ የተሰበረ ገበቴ ወይም አሮጌ ጣሳ ይበቃል። የሰው ድስትና የወተት ዕቃ በፍጹም አይቅረብለት።

ይህ መለያየት ቢያንስ ለዐሥር ቀን ይቆይ። የዐሥር ቀን ምክንያቱ ይህ ነው፤ የበሽታው ረቂቅ ተሐዋሲ፥ ቫይረስ የሚባለው፥ በውሻው ምራቅ ውስጥ የሚገኘው ውሻው መታመሙ ከመታየቱ ጥቂት ቀን አስቀድሞ ነው። ምራቁ በሽታ ያዘለ ውሻ በዚያ ቀን ውስጥ መታመሙን ያሳያል፥ ይሞታልም። በዚህ ጊዜ ውስጥ ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ወይም በአቅራቢያችሁ ላለው የእንስሳት ጤና ኬላ ነግራችሁ አስከትቡት። ሲከተብ አፉን በጨርቅ ጥፍር ታስራላችሁ፤ አንድ ሰው ከአንገቱ ይይዛል፥ ሌላው ከወገቡ። ክትባቱ በየዓመቱ ይታደሳል። ነገር ግን ቀድሞ የተለከፈውን ውሻ ክትባቱ አያድነውም፤ ስለዚህ ከተከተበም በኋላ ጥቂት ወራት ጠባዩን መመልከት ያስፈልጋል።

ሴት ውሻ ከሆነች ሆዷንም ተመልከቱ። የውሻ እርግዝና ሁለት ወር ያህል ብቻ ነው፤ አንድ ውሻ አስገባን ያለ ቤት ስድስት ውሻ ሊያገኝ ይችላል። በኋላም ወንድ በምትፈልግበት ጊዜ፥ ሦስት ሳምንት ያህል፥ አስሮ መጠበቅ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ

ይህ በሽታ በአገራችን አዲስ አይደለም። በነሐሴ 1895 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በውሾች ላይ ብርቱ ወረርሽኝ እንደ ነበረ ተጽፏል። በዓለም ዙሪያም ዛሬ በያመቱ 59 ሺሕ ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ይገመታል፤ ከዐሥሩ አራቱ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ሰውን ከሚይዘው ከመቶው 99 ያህሉ የሚመጣው ከውሻ ነው። ምልክቱ አንድ ጊዜ በሰው ላይ ከታየ መድኃኒት የለውም፤ በሽተኛው ይሞታል። ምልክቱ ሳይታይ ግን ፈጽሞ ሊከላከሉት ይቻላል። እንዲህ ያለ ሌላ በሽታ ብዙ የለም።

ውሻ ሲያብድ ሁልጊዜ እየሮጠ የሚናከስ አይምሰላችሁ። እርግጥ አንዱ ዓይነት እንደዚያ ነው፤ ያለ ምክንያት ይነክሳል፥ ድንጋይና እንጨት ያኝካል፥ ድምፁ ይሻክራል፥ ቤቱን ትቶ ይጠፋል። ሌላው ግን ዝምተኛ ነው። ጥግ ይዞ ይተኛል፥ መንጋጋው ይወድቃል፥ ለሃጩ ይዝረበረባል፥ ምግብ አፉ ላይ ሆኖ መዋጥ ያቅተዋል። ባለቤቱም «አጥንት አንቆታል» ብሎ እጁን ወደ ጕሮሮው ይሰዳል። ይህ ክፉ ስሕተት ነው። አፉ የማይዘጋና የሚያለሃጭ ውሻ ሲታይ እጅ አይነካውም፤ አጥንትም ቢሆን የእንስሳት ሐኪም ይየው። «የሚጮኽ ውሻ አይነክስም» የሚለውን ተረት ይዘን ዝም ያለውን ውሻ ጨዋ ነው ብለን እንዳንታለል።

ሌላም የተለመደ አባባል አለ፤ «ያበደ ውሻ ውኃ ይፈራል» ይባላል። ውሻው ከኤላው ገንዳ ሲጠጣ ከታየ «ደኅና ነው» ብሎ የሚፈርድ አለ። ውኃ የሚያስፈራው የታመመውን ሰው ነው እንጂ ውሻውን አይደለም። ያበደ ውሻ ወንዝ ተሻግሮ ሲሄድ፥ ከውኃም ሲጠጋ ይታያል።

አሁን ውሻው ልጁን ነከሰ እንበል። ወይም ጭረት ብቻ ነው፤ ወይም የቈሰለ እጁን ላሰው። ሦስቱም አንድ ናቸው፤ በምራቁ ውስጥ ያለው ተሐዋሲ ለመግባት ሰፊ በር አይሻም። የትንሽ ውሻ ጥርስ ጠባብና ጠለቅ ያለ ቀዳዳ ይተዋል፥ ደምም ላይታይ ይችላል። ቍስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡት። 15 ደቂቃ ረዥም ነው፤ ልጁ ያለቅሳል፥ እናቲቱም ልቧ ይርበደበዳል። ሰዓት ከሌላችሁ ጎረቤት በስልኳ ትያዝላችሁ።

እዚህ ላይ የቆላ እናት የምታስበውን እናውቃለን። በበጋ ውኃ በጀሪካን ተለክቶ፥ በአህያ ተጭኖ፥ ግማሽ ቀን ተኪዶ በሚመጣበት አገር፥ ለአንድ ጭረት ውኃ ማፍሰስ እጅ ያስራል። ስለዚህ ሒሳቡን እንንገራችሁ፤ በጆግ ወይም በተበሳ ጣሳ ቀጠን አድርጋችሁ ካፈሰሳችሁ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለ15 ደቂቃ ይበቃል። ጀሪካኑ ሙሉ ካልሆነም ያለውን አፍስሱ፤ ጎረቤትም ትጨምር። ለከብቱና ለቡናው የተቀመጠው ውኃ እንኳ ቢሆን ለዚህ ይዋል። ሳሙና ከታጣ ውኃው ብቻውንም ይፍሰስ፤ ሳሙና እስኪፈለግ መቆየት አይገባም። ቍስሉን በቅቤ፥ በቡና፥ በቅጠል ወይም በበርበሬ አትድፈኑት፤ አጥብቃችሁም አትጠቅልሉት።

ከዚያ ቀጥሎ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ለሰው የሚሰጠው ክትባት በየጤና ኬላው አይገኝም፤ ስለዚህ ብዙ መንገድ ከመሄዳችሁ በፊት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደውላ የት እንዳለ ትጠይቅላችሁ። የጥንት ሰዎች በሆድ ላይ ለብዙ ቀን ስለሚወጋው መርፌ ሲያወሩ ሰምታችሁ ፈርታችሁ ይሆናል። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ክትባት በክንድ የሚሰጥ ጥቂት መርፌ ነው። ሐኪሙ በሰጣችሁ ቀጠሮ ሁሉ ተመለሱ፤ አንዱን ቀን መዝለል አይገባም። ደም ያፈሰሰ ወይም ፊትና አንገት ላይ ያለ ቍስል ከክትባቱ ሌላ ሴረም የሚባል መርፌ ሊያስፈልገው ስለሚችል ሐኪሙን ጠይቁት። ይህ ክትባት የተጀመረው በፈረንሳይ አገር ሉዊ ፓስተር በ1877 ዓ.ም. በእብድ ውሻ የተነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ ዮሴፍ ማይስተርን ባከመ ጊዜ ነው። ልጁም ድኖ አድጓል።

የነከሰውን ውሻ ወዲያው አትግደሉት፤ ለሌላ ሰው አደጋ ሳይሆን ማሰር ከተቻለ እሰሩትና ዐሥሩን ቀን ተመልከቱት። ነገር ግን ዐሥሩ ቀን እስኪያልቅ ልጁን ከቤት አታቆዩት። ክትባቱ ይጀመር፤ ውሻው በዐሥረኛው ቀን ጤነኛ ከሆነ ክትባቱን የሚያቋርጠው ሐኪሙ ነው። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፥ ዱዓም የሚያስደርግ ያስደርግ፤ ማንም አይከለክልም። የእንዶድ ሥርና ሌላም ሥራ ሥር መጠጣት ግን ሆድ ከመጕዳት በቀር ይህን በሽታ አያስቀርም፤ ያዳነ የሚመስለውም የነከሰው ውሻ መጀመሪያውኑ ስላልታመመ ነው። የሚያሳዝነው ልጁ በቅጠሉ ላይ ተስፋ አድርጎ የክትባቱ ጊዜ ሲያልፍበት ነው፤ በሰው ላይ በሽታው ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ተሸሽጎ ስለሚቆይ ሁሉም «ዳነ» ይለዋል።

አንድ ነገር አጥብቀን እንለምናችኋለን። ልጅ በውሻ ሲነከስ አትቈጡት፥ አትግረፉትም። «ማን ንካው አለህ!» ተብሎ አንድ ጊዜ የተገረፈ ልጅ ሁለተኛ ሲነከስ ቍስሉን በእጅጌው ሸፍኖ ከእረኞቹ ጋር ይውላል፤ እናቱም አታውቅም። ጥጃ ጠባቂዎቹን ልጆች ማታ ሲገቡ እግርና እጃቸውን ማየት ደግ ልማድ ነው። ሲበላ ያለ ውሻ፥ የተኛ ውሻ፥ ቡችሎቿን የያዘች ውሻ እንደማይነካ ንገሯቸው፤ እንግዳ ውሻ ሲመጣባቸው ሳይሮጡ እንደ ዛፍ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ አስተምሯቸው።

በከተሞቻችን ውሻን በመርዝ መግደል የቆየ ልማድ ነው። እሱ በሽታውን አላጠፋውም፤ የሞተው ቦታ በሌላ ያልተከተበ ውሻ ይሞላል። በአንድ አገር ካሉት ውሾች ከመቶው 70 ቢከተቡ ግን በሽታው መተላለፊያ ያጣል። ከእኛ ብዙ በማይርቁት በባሌ ተራሮች፥ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው ቀይ ቀበሮ በ1995 ዓ.ም. መጨረሻና በ1996 ዓ.ም. መጀመሪያ ከውሾች በተላለፈ በዚሁ በሽታ ክፉኛ አልቋል፤ ከዚያም ወዲህ የአካባቢው ውሾች ክትባት የቀበሮውም መጠበቂያ ሆኗል።

ወደ ጥምቡ ነገር እንመለስ

በግ፥ ፍየል ወይም ከብት ስታርዱ በጉበቱና በሳንባው ላይ ውኃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት አይታችኋል። ሰው ያንን ቈርጦ ለውሻ ይጥላል። በከረጢቱ ውስጥ ያለው የትል ዘር ነው። ውሻው ሲበላው በአንጀቱ ውስጥ ከኮሶ ጋር ዘመድ የሆነ፥ ነገር ግን ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ ትል ያበቅላል፤ ውሻው አይታመምም፥ አይከሳምም። የትሉ እንቍላል ከውሻው ዐይነ ምድር ጋር ይወጣል፤ በጠጕሩም ላይ ይጣበቃል። ልጅ ውሻውን ደባብሶ ያልታጠበ እጁን አፉ ሲያደርግ እንቍላሉን ይውጣል። ከዚያ ያ ከረጢት በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ቀስ ብሎ ለዓመታት ያድጋል፤ ልጅ ሳለ የዋጠው ሰው ካደገ በኋላ ሆዱ ይነፋል። አንዳንዱ ካልተቀደደ በቀር አይድንም። እንግዲህ ሲጥምብ የኖረ እንግዳ ውሻ ይህን ትል ይዞ መምጣቱን መጠርጠር ይገባል።

በሰሜን ምዕራብ ኬንያ የሚኖሩት የቱርካና ሕዝብ እንደ እኛ አርብቶ አደር ናቸው። ውኃ ስለሚቸግር ሕፃን ሲጸዳዳ ወይም ሲያስመልስ ውሻ ተጠርቶ ልሶ እንዲያጸዳው ይደረግ ነበር፤ ለዚህ ሥራ የሚያዝም ውሻ ነበራቸው። ሐኪሞች ሲመረምሩ ይህ በሽታ በዓለም ላይ እጅግ ከበዛባቸው ሕዝቦች አንዱ ሆነው ተገኙ። ከ1975 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ አምሬፍ የተባለው የአፍሪካ የሕክምና ድርጅት በዚያ አገር የመከላከል ሥራ ጀመረ። በእኛም ቤት ሕፃኑን ውሻ ሲልሰው እየሣቅን የምናይ ካለን ይህን እናስብ።

መከላከያው ውድ አይደለም። ከረጢት ያለበትን ጉበትና ሳንባ ወይ አቃጥሉት፥ ወይ ውሻ በማይቈፍረው ጥልቅ ጕድጓድ ቅበሩና እሾህና ድንጋይ ጫኑበት። ለውሻው ሥጋ መስጠት ከፈለጋችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፍላ። ፕራዚኳንቴል የሚባለውን የትል ክኒን ከእንስሳት ሐኪም ጠይቁ፤ ለአዲስ ውሻ እንደመጣ፥ ከዚያም ቢያንስ በዓመት አራት ጊዜ ይሰጠዋል። ክኒኑን በዋጠ ሁለት ቀን ታስሮ ይቆይ፤ የወጣው ዐይነ ምድር በእንቍላል የተሞላ ስለ ሆነ በአካፋ ተነሥቶ ይቃጠል ወይም በጥልቅ ይቀበር። በሌላውም ጊዜ የውሻ ዐይነ ምድር ከበረቱና ከልጆች መጫወቻ ይነሣ። እናቶች ከማለባችሁ፥ ከማቡካታችሁና ሕፃን ከማጕረሳችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና፥ ከታጣም በአመድ ታጠቡ።

ቍንጫ፥ መዥገርና ሙጃሌም ከውሻ ጋር ይመጣሉ። የሚተኛበትን ቦታ መጥረግ፥ ያነጠፉለትንም ጨርቅ ፀሐይ ላይ ማስጣት ብዙ ይረዳል። መዥገሩን በጥፍር አትጭመቁት። ለከብት የሚረጨውን የመዥገር መድኃኒት ግን በገዛ ግምታችሁ በትንሽ ውሻ ላይ አታፍስሱ፤ ለበሬ የተመጠነ መድኃኒት ትንሹን ውሻ ይገድለዋል፥ የሚያቅፈውንም ልጅ ይጐዳል።

በሃይማኖታቸው ምክንያት ውሻን ከቤት ውስጥ የማያስገቡ ቤተሰቦች በአካባቢያችን ብዙ ናቸው። ልማዳቸው ከጤናም ጋር የተስማማ ስለ ሆነ ሌላው ቢከተለው ይበጀዋል። ትንሹ ውሻ ከደጅ በአሮጌ ጆንያ ላይ፥ ከነፋስ በተከለለ ጥግ ማደር ይችላል፤ ጠጕር አለው፥ ብርዱን ይችለዋል። ጩኸቱም የሚጠቅመው ከደጅ ሲሆን ነው።

ውሻው ሲከተብ የሚሰጣችሁን ወረቀት ከልጆቹ የክትባት ካርድ ጋር በአንድ ፌስታል ጠቅልላችሁ ከጣሪያው ሥር ስቀሉት። ወረቀት ካልተሰጣችሁ ቀኑን ማንበብ የሚችለው ልጅ በደብተሩ ይጻፈው፤ ሰው ቢነከስ ሐኪሙ መጀመሪያ ከሚጠይቃችሁ ነገር አንዱ ውሻው የተከተበበት ቀን ነው።